ያቺ የሱቅ ቤቷ

ሊሻን ዳኘ ዛሬ ቦኖሻ ውስጥ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ክፍል ትሠራለች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ በትንሿ መስኮት በኩል ለሚመጣው ሁሉ "በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ" ትላለች። አማርኛው ያልገባው ካለ በሀዲይኛ ትደግምለታለች፤ ሀዲይኛውን የለመደችው ከአባቷ ሱቅ ደንበኞች ነው። አሮጊቶቹ ሌላ ሰው መስኮቱ ላይ ካዩ "ያቺ የምትስቀዋ የለችም?" ብለው ይጠይቃሉ አሉ። እኔ ዱራሜ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። እኔን ማንም የምትስቀዋ ብሎ አይጠይቀኝም።

ሊሻን ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ነው የተመረቀችው። ክፍል ውስጥ አንደኛ ስወጣ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ይህንን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ እንዴት እንደቀደመችኝ እንዲገባችሁ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ኮሮና ነው፣ ኔትወርክ አልነበረም" እላለሁ። ኔትወርክ አለመኖሩ እውነት ነው። የቀረውን ግን ለሰው ነግሬ አላውቅም።

የተዋወቅነው ሆሳዕና ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ፋርማሲ ስንማር ነው። እኔ ከአንጋጫ ከተማ ግማሽ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ መንደር የመጣሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ኤደን ገብረሚካኤል እባላለሁ። የትምህርት ክፍያዬን የምትሸፍንልኝ የሰበካችን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ቄሳችን አባ ገብረክርስቶስ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ አንድ ነገር በደንብ አስጠንቅቀውኛል። አንድ ኮርስ እንኳ ከወደቅሁ ድጋፉ ይቆማል፣ ዕድሉም ለሌላ ልጅ ይሰጣል። የሚጠብቁ ልጆች ስም ዝርዝር ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ሊሻን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተወልዳ ሱቅ ውስጥ ያደገች ናት ማለት ይቻላል። አባቷ አቶ ዳኘ በወጣትነታቸው ከጉራጌ መጥተው ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ወርቅዬ ሕፃን ሳለች ስኳር ጆንያ ላይ ያስተኟት እንደነበር ዛሬም ለሰው ያወራሉ። ስትስቅ ሳቋ ሦስተኛው ሱቅ ድረስ ይሰማል። ስኳር ስትመዝን ጫን አድርጋ ነው፤ አባቷ ካዩ ይቆጧታል፣ ካላዩ ደንበኛው ይመርቃታል። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ዓይኗ ሩቅ አያይም። መነጽር አድርጊ ሲሏት "አሮጊት ልታስመስሉኝ ነው?" ትላለች።

ስለዚህ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እኔ በሹክሹክታ አነብላታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የሊሻን ዓይን እኔ ነበርኩ። ውጤት ሲለጠፍ እኔ አንደኛ፣ እሷ አሥራ ምናምነኛ። ከክፍል ስንወጣ እጄን ይዛ ሱቃቸው ትወስደኝና ለስላሳ ትከፍትልኛለች። ያን ጊዜ በጣም እወዳት ነበር። አሁን ሳስበው የምወዳት ከኋላዬ ስለነበረች ይመስለኛል።

በ2012 መስቀል ወደ ቤታችን ይዣት ሄድኩ። እናቴ ወለተ ማርያም የድሮ ሰው ናት። በእኛ በከምባታ ባሊሻ የሚባል ደንብ አለ፤ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፣ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ዛሬ ብዙዎቹ ትተውታል፤ እናቴ ግን አልተወችም። የአባቴ አባት ሊራንሶ ይባላሉ፣ የሚኖሩትም ከእኛው ጋር ነው። ስለዚህ እናቴ ካገባች ጀምሮ "ሊ" ብላ አታውቅም። ቀበሌ ሄዳ የእኔን ሙሉ ስም ስትጠየቅ "ኤደን ገብረሚካኤል" ትልና አያት ላይ ስትደርስ አጠገቧ ያለውን ሰው በክርኗ ትነካለች። አማርኛ ስትናገር ደግሞ "ል"ም "ሊ"ም ለጆሮዋ አንድ ነው፤ ስለዚህ "ልጄ" አትልም። በሃያ ዓመቴ በአማርኛ ስታስተዋውቀኝ "ይቺ ሕፃኔ ናት" ነው የምትለው።

ሊሻን ገና በር ላይ እንደደረሰች ስሟን ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። ነገሩን ሳስረዳት ሊሻን ምንም አልመሰላት፤ ታዲያ እኔን ምን ብለው ሊጠሩኝ ነው ብላ ሳቀች። እናቴ ጥቂት አስባ "የሱቅ ቤቷ" አለቻት። ስሟ በዚያው ጸደቀ። ሊሻን ቆጮውን እንደ ቤቷ እየቆረሰች በላች፣ ለእናቴም ቆጮ እነሱ ጋ እንዴት እንደሚጋገር አወራቻት። አያቴም ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገሟት፤ እቤታቸው ውስጥ "ሊ" ሲባል መስማት ናፍቋቸው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤት በደወልኩ ቁጥር እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "የሆሳዕናዋ የሱቅ ቤቷ ደህና ናት?" ብላ ነው። ስለ እኔ የምትጠይቀው ቀጥላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርገኝ ነበር፤ ግን በሳቅ አልፈዋለሁ።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ ተባለና ኮሌጁ ተዘጋ። ትምህርቱ በቴሌግራም እንደሚቀጥል ተነገረን፤ የፋርማኮሎጂው መምህር አሞጽም ግሩፕ ከፈቱልን። ስላይድ ይልካሉ፣ በድምፅ ያስረዳሉ፣ ጥያቄ ይጠይቃሉ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ አገር ቤት ገባሁ።

እኛ ቤት መብራት የለም። ስልኬን የማስሞላው አንጋጫ ከተማ፣ ሀሚዳ የምትባል ነጋዴ ሱቅ ነው፤ እናቴ እሷንም የሱቅ ቤቷ ነው የምትላት። ኢንተርኔት የሚይዘው ደግሞ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ ብቻ ነው። በሁለት ቀን አንዴ እወጣና ፓኬጅ እገዛለሁ፣ የተላከውን አወርዳለሁ። አንድ ስላይድ እስኪወርድ የሀምበሪቾ ተራራ በደመና ተሸፍኖ እንደገና ይገለጣል። ዝናብ ሲመጣ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ እሮጣለሁ። ደግሞ ቤት የተቀመጠች ሴት ልጅን ማንም እየተማረች ነው አይልም። ውሃ ይቀዳል፣ እንሰት ይፋቃል፣ ከብት ይታያል፤ መጽሐፍ የሚገለጠው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሚያዝያ ላይ መምህር አሞጽ ግሩፑ ውስጥ ድምፅ አሰጡን። ጥያቄው "የኦንላይን ትምህርቱ ተስማምቷችኋል ወይ?" የሚል ነበር፤ ማን ምን እንደመረጠም ይታያል። ሠላሳ አንዳችን አልተስማማንም አልን። ፍፁም የሚባል የጊምቢቹ ልጅ "ስላይዱን ከማወርድ ሆሳዕና ድረስ በእግሬ ሄጄ ብማር ይቀለኛል" ብሎ ጻፈ፣ ሁላችንም ሳቅን። ተስማምቶናል ያሉት ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም የሆሳዕና ከተማ ልጆች። ከስድስቱ መጀመሪያ ላይ ያለው ስም የሊሻን ነው። ቀጥላም በድምፅ ላከች። ኦንላይኑን ወድጄዋለሁ፣ ስላይዱን አስፍቼ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የማየው፣ ኮሮና ሲያልፍም እንዲህ ቢቀጥል ደስ ይለኛል አለች። ከኋላዋ ሬዲዮ ይሰማል።

ያንን ድምፅ ጉብታው ላይ ካፊያ እየመታኝ አራት ጊዜ ሰማሁት። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያለችው አንጀቴን አቃጠለው። ቤታቸው ዋይፋይ አለ፣ ስልኳ አዲስ ነው፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ የምትቀዳው ውሃ የለም። እኔ ቂጤ እስኪደነዝዝ ድንጋይ ላይ የምጠብቀው ነገር እሷ ጋ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ለምን እሷ? እኔ ምን አጠፋሁ? እንዲህ እያልኩ ነው ከጉብታው የወረድኩት።

በሳምንቱ አጭር ፈተና ተሰጠን። ሊሻን ከሃያ አሥራ ዘጠኝ አመጣች፣ እኔ አሥራ አራት። ሁለት ዓመት ጆሮዋ ላይ ያንሾካሾክሁላት ልጅ በአምስት ነጥብ በለጠችኝ። ሰሌዳው እጇ ላይ ገብቶላታል፤ የእኔ ዓይን ከእንግዲህ አያስፈልጋትም። ከሁሉ የባሰብኝ ይሄኛው ነው። በዚያው ቀን ደግሞ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። ለምን ዝም አልሽ፣ ስላይዱ ካልወረደልሽ እኔ በጽሑፍ ገልብጬ ልላክልሽ፣ ጽሑፍ ቶሎ ይገባል አለችኝ። ደህና ሰው ቢሆን "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። እኔ ግን ያዘነችልኝ መሰለኝና ቴሌግራም ላይ ብሎክ አደረግኋት፣ የስልክ ቁጥሯንም ዘጋሁት።

ስሟንም መጥራት ተውኩ። ግድ ካልሆነብኝ አላነሳትም፣ ካነሳኋትም "ያቺ" ነው የምላት። እናቴ አንድ ቀን እንደልማዷ የሆሳዕናዋ የሱቅ ቤቷ እንዴት ናት ብትለኝ "ሁለተኛ ያቺን እንዳታነሺብኝ" አልኳት። እናቴ ደነገጠች፣ ግን ነገር ማብዛት አትወድም። ከዚያ በኋላ እኛ ቤት የሱቅ ቤቷ ሲባል ሀሚዳ ማለት ብቻ ሆነ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ የዋናው ፈተና ቀን ተቆረጠ። ከመቶው ሃምሳውን የሚይዝ ነው፤ እሱን ያጣ ሰው ኮርሱን ወደቀ ማለት ነው። መምህር አሞጽ ሊንክ እንደሚልኩ፣ ሊንኩም ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ክፍት እንደሚሆን ጻፉ። እኔ ረቡዕ ጠዋት የቀረኝን ሁሉ አወረድኩ። ሐሙስ ጠዋት ስልኬን ወስጄ ሀሚዳ ጋ ለቻርጅ ተውኩት። ዓርብ ረፋድ ላይ እወስደውና ስድስት ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ እገኛለሁ፤ ሐሳቤ ይሄ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ውሃ ቀድቼ ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ትንሿ ስልኳ እጇ ላይ ናት።

"የሱቅ ቤቷ ደውላ ነበር" አለችኝ። "ያ ነገር ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ትድረስ ብላለች።"

ያ ነገር ምንድን ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። በዚያ ሰሞን ገበያ ተከልክሏል፣ ሻይ ቤቶች ተዘግተዋል፣ በየቀኑ ዛሬ ይሄ ይዘጋል ነገ ያኛው ይዘጋል ይባላል። የሀሚዳ ሱቅም ተራው ደርሶት ነው አልኩ። ስልኬ እዚያ ውስጥ ሊቆለፍበት ነው ብዬ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

ዓርብ ጠዋት እየሮጥኩ አንጋጫ የደረስኩት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሀሚዳ መደርደሪያዋን እያራገፈች ነበር። ማን ነው እዘጋለሁ ያለሽ ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ለእናትሽ አልደወልኩም አለች። እናቴ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። ስልኬ ሞልቶ እጄ ላይ ነው፣ ከተማው ውስጥ ኔትወርክ አለ፣ ለሦስት ሰዓት የቀረው አንድ ሰዓት ነው። ፓኬጁን ግን ለስድስት ሰዓት ነው የምገዛው። ሀሚዳ ጋ ሻይ ጠጣሁ፣ ስለ አገሩ ወሬ አወራን፣ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጉብታው ላይ ተቀምጬ ሊንኩን ስከፍተው ፎርሙ መልስ መቀበል አቁሟል የሚል ጽሑፍ መጣ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው። ወደ ላይ እየገፋሁ ግሩፑን አነበብኩ። መምህር አሞጽ ረቡዕ ማታ ሰዓቱን ለውጠውታል። ሊንኩ ሐሙስ ከሰዓት ይከፈታል፣ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ የሁሉም "እሺ" ተደርድሯል። ከሁሉም መጨረሻ ላይ ያቺ "ጨረስኩ፣ ተመስገን" ብላለች።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ላሳምረው አልችልም። አባ ገብረክርስቶስ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዝርዝር ታየኝ። እያወቀች ዝም አለች አልኩ፤ የእናቴን ስልክ ታውቀዋለች፣ ደውላ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እንድወድቅ ፈልጋ ነው። ከእኔ ፊት መቆም ጣፍጧት ነው። እጄ ላይ ያለውን ስልክ አንስቼ ለመምህር አሞጽ ጻፍኩ። ሊሻን ዳኘ ፈተናውን ብቻዋን አልሠራችም፣ ጤና መኮንን የሆነው ወንድሟ ናትናኤል አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነው የሠራላት አልኩ። አላየሁም፣ ማንም አልነገረኝም። እኔ ስለቀረብኝ ፈተና የጻፍኩት ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ቅዳሜ መልሳቸው መጣ። እስካሁን ቃል በቃል አልረሳሁትም።

"ኤደን፣ ሊሻን ትናንት ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች። የአንቺ ስልክ አልሠራ ብሏት ሐሙስ ለእናትሽ ደውላ እንደነገረች፣ ካልገባሽም ኔትወርክ አጥተሽ እንደሆነ ነግራኝ ለአንቺ ብቻ እንደገና እንድከፍት ለምናኛለች። ማክሰኞ ልከፍትልሽ ወስኜ ነበር። አሁን ይህን ስለጻፍሽ የእሷን ውጤት አግጄዋለሁ። እስከ ሰኞ አረጋግጪልኝ። እውነት ከሆነ የእሷ ይሰረዛል፤ ሐሰት ከሆነ ለአንቺ የሚከፈት ፈተና የለም።"

ከጉብታው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። እናቴ ጓሮ እንሰት ሥር ነበረች።

"ሐሙስ ዕለት የደወለችው ማን ናት?" አልኳት።

"የሱቅ ቤቷ ናት አልኩሽ እኮ።"

"የትኛዋ?"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "የሆሳዕናዋ ናታ። አታንሺብኝ ስላልሽኝ ሆሳዕና የሚለውን ተውኩት።"

የሚዘጋው ነገርስ ምን ነበር ብዬ ጠየቅኋት። እጇን ወደ ከንፈሯ አስጠጋች። ሊሻን "ሊንኩ ይዘጋል" ብላ ነግራታለች። እናቴ ሊንክ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ብታውቅም በአፏ አይወጣም። ስሙን በሌላ ቃል እንዳትተካው ምንነቱን አታውቀውም፤ ስለዚህ "ያ ነገር" አለችኝ። ካደግሁ ጀምሮ የእናቴን ንግግር ስተረጉም ኖሬአለሁ። "ያ ነገር" ስትል በውስጡ "ሊ" እንዳለ ሌላው ቢቀር እኔ ላውቅ ይገባኝ ነበር። ቅናቴ ግን የሱቅ ቤቷ ሲባል ሊሻንን እንዳላስብ አድርጎኛል። ከእሷ ደግ ነገር ሊመጣ ይችላል ብዬ አላስብም ነበር።

ለመምህር አሞጽ ግን አልጻፍኩም። እውነቱን ብናገር ፈተናው አይከፈትልኝም፣ ኮርሱን እወድቃለሁ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ድጋፏን ትተዋለች። "አዎ፣ ወንድሟ ነው" ብዬ ብጸና ማክሰኞ እፈተናለሁ። እሷ ብትወድቅስ ምን ትሆናለች፣ አባቷ አሉላት፣ ሱቅ አላት፣ እንደገና ከፍላ ትማራለች አልኩ። ቅዳሜ ሙሉውን ቀን ይህንን ሳገላብጥ ዋልኩ። አንዱን ስመርጥ ሌላው ይመጣብኛል።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ አልበላም አልኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ብሎኩን፣ ፈተናውን፣ ለመምህሩ የጻፍኩትን ውሸት ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ ግን ቅናቱንም ውሸቱንም ትታ አንድ ነገር ብቻ ያዘች፤ መልእክቱን በትክክል አላደረስኩም አለች። ትንሿን ስልኳን አወጣችና በሐሙሱ ቁጥር መልሳ ደወለች። አያቴ በረንዳው ላይ በርጩማቸው ላይ ናቸው፤ ከእኛ ሁለት እርምጃ አይርቁም።

ስልኩ ሲነሳ እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አላነሳችውም።

"ሊሻን" አለች።

ጆሮዬ የተሳሳተ መሰለኝ። እሷ ግን ቀጠለች፤ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች።

"ሊሻን ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ የኤደን እናት። ያልሽኝን አላደረስኩላትም። ስምሽንም፣ ያንን ሊንክ ያልሽኝንም መጥራት አልቻልኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእሷ አትፍረጂ።"

አያቴ ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ። ግቢው ውስጥ ያሉትን ዶሮዎች ወደ ጓሮ ይነዷቸው ጀመር፤ ዶሮዎቹ ምንም አላጠፉም ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውን እስከ እንሰቱ ድረስ ሄዱና እዚያው ቆሙ።

እውነቱን ልናገር ብያለሁና ይህንንም ልናገረው፤ እዚያ ቆሜ እንኳ ቀናሁ። እናቴ በአማርኛ "ልጄ" ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያለችው ደግሞ ለእኔ አይደለም። ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። እናቴ ያንን ስም ያልጠራችው ሰው ስላከበረች ነው። እኔ አፌ ላይ ምንም ሳይኖርብኝ፣ ማንም ሳይከለክለኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ያቺ ስል የከረምኩት ስለቀናሁ ነው። እናቴ ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቀችውን ደንብ የእኔን ውሸት ልትሸፍን አፈረሰችው።

ስልኩን ሰጠችኝ።

"ሊሻን" አልኩ። ከዚያ ለመምህር አሞጽ የጻፍኩትን ነገርኳት። ብሎክ ማድረጌንም፣ ስለ ወንድሟ ያልኩትንም ነገርኳት። ከጀርባዋ የሱቁ በር ይሰማል፣ ሰው ሳሙና እየጠየቀ ነው።

"ኤደን" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ናትናኤልን እኮ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አላየነውም። የሚሠራው ለይቶ ማቆያ ውስጥ ነው። እናቴ ምግብ ይዛ አጥሩ ጋ ሄዳ በሩቁ አይታው ትመለሳለች።"

እኔ ጉብታው ላይ ሆኜ በዋይፋይዋ ስቃጠል፣ አልጋዋ ላይ ተመቻችታ ስትስቅ የታየችኝ ልጅ እቤቷ ውስጥ ይህ ነበረባት።

በዚያው ቀን ጉብታው ላይ ወጥቼ ለመምህር አሞጽ እውነቱን ጻፍኩላቸው። የሊሻን ውጤት በማግስቱ ተለቀቀ፤ ከሃምሳ አርባ ስድስት ነበር። የእኔ ሊንክ አልተከፈተም። ሊሻን እንደገና ደውላ ለመነቻቸው፣ እሳቸው ግን ቃላቸውን አላጠፉም፤ ላልፈርድባቸው ሞክሬአለሁ። ኮርሱን ወደቅሁ። አባ ገብረክርስቶስ ደብዳቤዬን ከፋይላቸው ሲያወጡ ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር፣ ግን ዕድሉ ለሌላ ልጅ ተሰጠ።

ዓመቱን ሀሚዳ ሱቅ ተቀጥሬ ሠራሁ። ስኳር መዘንኩ፣ ሳሙና ሸጥኩ፣ የሰው ስልክ ቻርጅ አደረግሁ። እናቴ ለጎረቤት ስለ እኔ ስታወራ የሱቅ ቤቷ እያለች ነው አሉ። ትምህርቱን በቀጣዩ ዓመት ከሱቁ ባጠራቀምኩት ደመወዝ ቀጠልኩ፤ የሊሻንን የድሮ ደብተሮች ተቀበልኩ፣ ግማሹ እኔው በሹክሹክታ ያስጻፍኳት ነው። እሷ ስትመረቅ ፎቶ አብሬአት ተነሣሁ። ፎቶው ላይ ጥርሴ ይታያል እንጂ ሆዴ ምን ይል እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

አያቴ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እናቴ ግን ከዚያ እሑድ በኋላ ያንን ስም ሁለተኛ አልጠራችውም። ሊሻን በየመስቀሉ ከቦኖሻ ትመጣለች። እናቴ ከሩቅ ስታያት ደስ ብሏት ትነሳለች፣ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በክርኗ ትነካኛለች።

እኔም "ሊሻን" ብዬ እጠራታለሁ።